አገጭ ላይ አራት ስፌት

ዳራርቱ ልታገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ከሚገኘው አፓርታማቸው በር ላይ በረዶ አንሸራቷት ወደቀችና አገጯ ተሰነጠቀ። ክሊኒክ ወስዶ ያሳከማት አባቷ ሞሲሳ ነው።

ሐኪሟ አራት ቦታ ሰፍታ ስትጨርስ፣ ከቤተሰቡ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው እንዳለ ጠየቀች። ሞሲሳ መልስ በመስጠት ፈንታ ጃኬቱን፣ ሹራቡን፣ ሸሚዙን አወለቀ። በልጅነቱ የተከተበበት ክንዱ ላይ አውራ ጣት የሚያህል እብጠት አለ። እህቱም ጆሮዋ ላይ፣ አባቱም ጉልበቱ ላይ እንደነበራቸው በኩራት ነገራት።

ሐኪሟ አስረዳቻቸው። ቆዳ ሲቆረጥ መጀመሪያ ደሙ ይረጋል፤ ከዚያ ሴሎች መጥተው ክፍተቱን ይሞላሉ፤ ሲሞላ ሥራቸውን ያቆማሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ቶሎ አያቆሙም። ይህ ጠባይ በጂን ከወላጅ ሊወረስም ላይወረስም ይችላል፤ የዳራርቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ለጊዜው ስፌቱ እንዳይሳብ አፏን በሰፊው እንዳትከፍት፣ በተለይ እንዳትስቅ አዘዘቻት።

ቤት ሲደርሱ ሞሲሳ ማንም የሚያስቅ ነገር እንዳያወራ ከለከለ። እናቷ ኢብሲቱ እራቱን ያለ ድምፅ አቀረበች። ሳሎኑ ለቅሶ ቤት መሰለ። እጮኛዋ ዮሚፍ ኤደን ፕሬሪ ካለው የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ሥራ ውሎ ሲመጣ ሁሉም አቀርቅረው አገኛቸውና ሠርጉ የቀረ መሰለው። የሞሲሳን ጉልበት ይዞ፣ ያጠፋው ነገር ካለ ይቅር እንዲሉት መለመን ጀመረ።

ሞሲሳ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሊታገስ ሞከረ፤ አልቻለም። ኢብሲቱ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ዳራርቱ አገጯን በሁለት እጇ ደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አባ፣ አስወጡልኝ ይሄን ሰውዬ» አለች፤ «ስፌቱ ሊበጠስ ነው።»

ዮሚፍ ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቅ አብሮ ሳቀ።

ስፌቱ አልተበጠሰም። ክሩ ከሠርጉ በፊት ወጣላት። ቁስሉ ላይ ሜካፕ ስለተከለከለች ቀዩን መስመር እንደያዘች ተዳረች፤ ፎቶዎቹ ሁሉ ላይ ይታያል።

ከስድስት ወር በኋላ ዳራርቱ፣ ባሏና አባቷ ወደ ክሊኒኩ ተመልሰው ሄዱ። ሐኪሟ ጠባሳውን ዳሰሰችና ለስላሳና ጠፍጣፋ መሆኑን ነገረቻቸው፤ ወደፊት ሌላ ቁስል ቢያጋጥማት ግን እንዳትዘናጋ መከረቻት።

«ታዲያ ከእኔ ምን ወረሰች?» አለ ሞሲሳ፣ ትንሽ ቅር ብሎት።

ወዲያው ግን ደስታው አሸነፈውና ሐኪሟን አቀፋት። ሲወጡ መኪናውን የት ፓርክ እንዳደረገ ጠፋበት፤ ሦስቱም ፓርኪንጉን ሁለት ጊዜ ዞሩት።