የወንድሟ መስኮቶች

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ታናሽ ወንድሟን ያኮረፈችው በሁለት መስኮት ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል። እሷ ግን ስቃበት አታውቅም።

አባታቸው በሸራ የምትሄድ አሮጌ የእንጨት ጀልባ ነበረቻቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲያ የሚያድሩትም እዚያችው ውስጥ፣ መስኮት ሥር ባለች ጠባብ አልጋ ላይ ነበር። ወንድ ልጃቸው አናጺ ነውና የተሰነጠቁትን ሁለት የጎን መስኮቶች አውጥቶ አዲስ ገጠመላቸው። ክረምቱ ሲገባ ጀልባዋ ማፍሰስ ጀመረች። ፍራሹ ራሰ፣ ሻገተ። እሷ ሆዬ አባቷን እጃቸውን ይዛ ወደ ቤቷ አመጣቻቸው። ሽማግሌው ከግድግዳ በቀር የሚያዩት በሌለበት ክፍል ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ። እስከ መጨረሻው «ፍራሹ አልደረቀም?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ለቅሶው ላይ፣ ሰው እንደተሰበሰበ፣ ወንድሟን «አባታችንን ከቤታቸው ያስወጣቸው ያንተ መስኮት ነው፤ እጅህ ይሰበር!» አለችው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እሱ ተነሥቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

ጀልባዋ ለእሷ ደረሰች። በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል በመስኮቶቹ ዙሪያ ቀዳዳ የሚደፍን ሲሊከን ትለቀልቃለች፤ በየዓመቱም ታፈሳለች። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ። ዘንድሮ በቃኝ ብላ መስኮቶቹን ልትነቅል ተነሣች። እውነቱን ለመናገር፣ የፈለገችው መጠገን ብቻ አልነበረም። የወንድሟን ዝርክርክ ሥራ ለሰው ማሳየትም አምሯታል።

ለምስክርነት የጀልባ ማቆሚያውን ቀለም ቀቢ ጠራችው። አፉ ስለማያርፍ ሰዉ «ዝምተኛው» ይለዋል።

«እትዬ፣ ይሄ ሲሊከን ነው ወይስ የሠርግ ኬክ?» አላት፣ ልቅለቃዋን በቢላ ስትፍቅ እያየ።

«የአሥራ አንድ ዓመት ነው። ዝም ብለህ ካቻቪቴውን አቀብለኝ።»

«ዝምታዬንማ በስሜ ጨርሼዋለሁ።»

ቪቴዎቹን ፈታች። ስስ ቢላ በፍሬሙ ሥር አስገብታ ቀስ እያለች ፈለቀቀችው። ከእሷ ሲሊከን ሥር ወንድሟ ውሃ እንዳያስገባ የቀባው ጥቁር ማስቲሽ ብቅ አለ። የትም ሳይቋረጥ ዙሪያውን እንደ ገመድ ዞሯል፤ እስካሁንም ጣት ላይ ይጣበቃል። ሥሩ ያለው እንጨት ነጭ፣ ደረቅ ነበር።

«ምነው ደነገጥሽ?»

«እንጨቱ ደረቅ ነው።»

«እሰይ ነዋ!»

«እሰይ አይደለም» አለች።

ያልተነቀለው መስኮት ላይ ውሃ ሊሞክሩ ተስማሙ። እንዲህ ያለ ነገር ሲፈተሽ ውሃው ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ከላይ ከጀመሩ የቱ ቀዳዳ እንዳስገባ አይለይም። እሷ ውስጥ ገብታ ግድግዳውን የሕፃን ፓውደር ቀባችው፤ ጠብታ ካለፈበት መንገዱ ይታያልና። ዝምተኛው ከውጭ የውሃውን ጎማ ያዘ።

«ከመስኮቱ በታች ነኝ!»

ምንም።

«መስኮቱ ላይ ነኝ!»

አንዲት ጠብታ የለም።

«ጨምርበት! ጨምርበት እንጂ!» ብላ ጮኸች። ሰው መስኮቱ እንዳያፈስ ይለምናል፤ እሷ እንዲያፈስላት ትለምን ነበር።

«እንግዲህ ጣሪያው ላይ ወጣሁልሽ!»

ትንሽ ቆይቶ ከኮርኒሱ ጥግ አንድ ቀጭን መስመር በፓውደሩ መሀል ቁልቁል ወረደ። የመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ላይ ደረሰና፣ ያፈሰሰው መስኮቱ እንደሆነ አስመስሎ፣ አልጋው ላይ ጠብ አለ።

ኮርኒሱን ገነጠለችው። ከላይ ዘልቀው የገቡ ስምንት የዛጉ የቪቴ ጫፎች ተሰልፈዋል። ጣሪያው ላይ የተገጠመው የእጅ መደገፊያ እንጨት ቪቴዎች ናቸው። እሱን የገጠመው ማን ሆነና! መስኮቶቹ በተቀየሩበት ሰሞን፣ አባቷ ጉልበታቸው ከድቷቸው ጣሪያው ላይ ሲንገዳገዱ አየች፤ ወንድሟን «ነገ፣ ነገ ትላለህ» ብላ ተቆጣች፤ ትራፓኖ ተውሳ ጣሪያውን ራሷ በስታ መደገፊያውን ገጠመች። ቀዳዳዎቹ ማስቲሽ እንደሚፈልጉ የነገራት የለም፤ የጠየቀችውም የለም። አባቷ እንዳይወድቁ ብላ ከአልጋቸው አስወጣቻቸው።

ዝምተኛው አንገቱን አስግጎ ቪቴዎቹን አየ፣ ፊቷንም አየ፤ ለአንዴ እንኳ የሚናገረው አጣ። ይሄ ከስድብ ባሰባት።

ቀዳዳዎቹን ደፍና ዝም ማለት ትችል ነበር። ማን ያውቅባታል? እሷ ግን ፓውደር የነካውን ቀሚሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ ወንድሟ ሄደች።

ወንድሟ ጓሮው ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ይዞ የቤት በር ይልጋል። ፀጉሩ ሸብቷል። ሽበቱ ሲወጣ አላየችም።

«እቴቴ?» አለ፣ ዓይኑን ባለማመን።

«መስኮትህ አላፈሰሰም» አለች ገና ከደጃፉ፣ ሠራተኞቹ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ያፈሰሰው እኔ የበሳሁት ነው፤ የእጅ መደገፊያው። አባዬን ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። አንተን በሐሰት ነው የሰደብኩህ።»

መላጊያውን አስቀመጠ።

«ስንት ቀዳዳ ነው?»

«ስምንት።»

«ስምንቱም?»

«ስምንቱም።»

«እኔ እኮ አመንኩሽ» አለ፣ ዝግ ብሎ። «ማስቲሹን የቱ ጋ ነው ያጎደልኩት እያልኩ ስንት ዓመት አሰብኩ። ከዚያ ወዲህ መስኮት ገጥሜ አላውቅም። በር ብቻ ነው የምሠራው። ጀልባማ አጠገቧም አልደርስ።»

ይህን አልጠበቀችም። እስከ ዛሬ የተጎዳችው እሷ ብቻ ይመስላት ነበር። ይቅርታ የሚለው ቃል አነሰባት።

«ቁጭ በያ» አለ፣ በርጩማ እየገፋላት።

«አልቀመጥም። ሚስትህ አለች?»

«ምን ፈለግሻት?»

«ያኔ ለእሷም ነግሬያታለሁ። የባልሽ ሥራ የማይረባ ነው ብያታለሁ። ከእሷ ቀጥሎ አክስታችን፣ ከዚያ ለቅሶው ላይ የነበሩት ጎረቤቶች። ያልሞተውን ሁሉ አዳርሳለሁ።»

«ተይ እንጂ እቴቴ! ስንቱ ረስቶታል።»

«አንተስ ረስተኸዋል?»

መላጊያውን መልሶ አነሣ፤ ግን አልላገበትም።

እሷም ግቢውን አቋርጣ የቤቱን በር አንኳኳች።