ከፊት ያለችው

የእንጦጦ ሯጮች ጫካ የሚገቡት በሰልፍ ነው። አንዱ ይመራል፤ የቀሩት ዓይናቸውን ከፊታቸው ባለው ሰው ተረከዝ ላይ ተክለው ይከተላሉ። በረገጠበት ይረግጣሉ፣ በታጠፈበት ይታጠፋሉ። መሪው ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሲገጥመው እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ጣቱን ያጮኻል። ይህን ያስተማራቸው የለም፤ የማያደርገውም የለም። ሀዊ ግን አንድ ቀን ሳታደርገው ቀረች።

ነገሩ የሆነው ጥቅምት ላይ ነው። አንድ ክለብ አንዲት ሴት ሯጭ ሊወስድ ፈልጎ ነበር፤ የቀሩት ሁለት ነበሩ፣ ሀዊና ሰገነት። ሦስት ዓመት አብረው የሮጡ፣ ከአንድ ሰሃን የበሉ ጓደኛሞች ናቸው። በዚያ ቀን የምትመራው ሀዊ ነበረች። የባሕር ዛፍ ጉቶ ተነቅሎ የቀረውን ጉድጓድ ቅጠል ሸፍኖት አየችው። እጇ ከወገቧ ተነሳና ተመለሰ። እሷ ዘለለችው። ከኋላዋ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ሰማች።

የሰገነት ቁርጭምጭሚት ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ ውድድር የለም አሏት። ሰው ሁሉ «የቀን ጎዶሎ ነው» አለ። ሀዊም እንደ ሰው አለች፣ አለቀሰችም። ልቅሶዋ የውሸት አልነበረም፤ ጉዱም እሱ ነው። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

ክለቡ ቦታውን ለሁሉም ክፍት ለሆነ የሰኔ ማጣሪያ አቆየው። በማጣሪያው ስምንቱን ኪሎ ሜትር ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ በታች የገባች ትያዛለች ተባለ። ሀዊ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ይህ ካመለጣት ሌላ የሚጠራት ክለብ እንደማይኖር ታውቃለች። ሲግናል ሰፈር ካለው የኪራይ ቤቷ እየወጣች ብቻዋን ትለማመድ ጀመር፤ ከኋላዋ ሰው ሲኖር ጀርባዋን ይበላት ነበርና።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ጉም ወረደ። በዚያው ሰሞን አንድ ማለዳ ከፊቷ የሰው ተረከዝ አየች። የግራው ጫማ ኋላው በቀይ ክር ተሰፍቷል። ያንን ክር ሰገነት ስትሰፋ መርፌውን ያቀበለቻት ራሷ ሀዊ ናት።

«ሰገነት እኮ በሕይወት አለች» አለች ለራሷ፤ «በሕይወት ያለ ሰው እንዴት ጥላው ብቻውን ይሮጣል?» እግሯ ግን ተከተለ። ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርሱ ያቺ ከፊት ያለችው ጠፋች። ሀዊ ሮጣ ጨርሳ ሰዓቷን ብታይ ሠላሳ አንድ ከሃምሳ ይላል። በዕድሜዋ ያላየችው ሰዓት! ፈራች፤ ግን ጣፈጣት። በማግስቱም ያቺ ከፊት ያለችው መጣች፣ በሦስተኛውም ቀን። ተረከዙ ሁልጊዜ ከፊት ነው፤ እጁ ግን ተጨብጦ ከጎን እንደተጣበቀ ነው። ለድንጋይም ለሥርም አንድም ቀን ተዘርግቶ አያውቅም።

የማጣሪያው ዋዜማ ከሰዓት ሀዊ ፈረንሳይ ሰፈር ወዳለው የሰገነት ቤት ወጣች። ሰገነት ምርኩዟን አስደግፋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች።

«ሀዊዬ፣ ሰሞኑን ሕልም አስቸግሮኛል» አለቻት። «ንጋት ላይ እሮጣለሁ። እግሬ ደህና ነው። አንቺ ከኋላዬ ነሽ፣ ትንፋሽሽ ይሰማኛል።»

«ከዚያስ?»

«ጉድጓዱ ጋ ልደርስ ስል እነቃለሁ። እጄን ልዘረጋልሽ እፈልጋለሁ፤ እምቢ ይለኛል።»

ሀዊ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። አልጋው ሥር ያ በቀይ ክር የተሰፋ ጫማ አለ። ስምንት ወር ማንም ያላጠለቀው ጫማ እርጥብ ጭቃ ይዟል።

«አይቼው ነበር» አለች ሀዊ።

«ምኑን?»

«ጉድጓዱን። እጄን አነሳሁና መለስኩት።»

ሰገነት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሂጂ፣ ነገ ማጣሪያሽ ነው። እኔም እንቅልፌ መጥቷል።»

በማግስቱ ንጋት ላይ አሰልጣኝ አባይነህ መንገዱ ጠባብ ነው ብለው ልጆቹን በየሁለት ደቂቃው አንድ በአንድ ለቀቁ። ጉሙ ከወትሮው ብሶ ነበር። ሀዊ ዛፎቹ መሃል እንደገባች ተረከዙ ከፊቷ ሆነ። ተከተለች። ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሰዓቷን አየች፤ ይተርፋታል።

ጉድጓዱ ቀረበ። እንደ ሌላው ቀን ትጠፋለች ብላ ጠበቀች። አልጠፋችም። እጇን እንደጨበጠች በቅጠል ወደተሸፈነው ጉድጓድ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ሀዊ ዝም ብላ ብትዘለው ቦታው የእሷ ነው። በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ሩጫ፣ የሚባክን ትንፋሽ የለም።

«ሰገነት! ጉድጓድ!»

ጩኸቱ ደረቷን ቀደደው። ቀዩ ክር ከመሬት ተነሳ፣ ጉሙም ዋጠው። ሀዊ ያንን የስብራት ድምፅ እየጠበቀች ቆመች። አልመጣም። ከዚያ ጎኗን ይዛ የቀረውን ብቻዋን ሮጠች።

«ሠላሳ ሁለት ከሦስት ሰከንድ!» አሉ አሰልጣኙ በብስጭት። «ምን ነካሽ? ጫካ ውስጥ ማንን ነው የምትጠሪው?»

«ጓደኛዬን፣ ኮች።»

ቦታውን ከእሷ በኋላ ተለቃ በሰዓት የበለጠቻት ልጅ ወሰደችው።

ከሰዓት ፈረንሳይ ስትደርስ ሰገነት ሰላምታዋን እንኳ አልጠበቀችም።

«ሰማሁሽ» አለቻት። «ዘለልኩት።»

«አየሁሽ።»

ሰገነት ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ የጠመመውን ቁርጭምጭሚት አሳየቻት። «ይኸው፣ እንደዚያው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

«አውቃለሁ» አለች ሀዊ፣ እያለቀሰች።

«ስንት ገባሽ?»

«ሠላሳ ሁለት ከሦስት። ወደቅኩ።»

ሰገነት ጫማዎቿን በምርኩዟ ጫፍ ከአልጋው ሥር ስባ አወጣችና ጎን ለጎን አስተካከለቻቸው።

«ነገ ትወጫለሽ?»

«እወጣለሁ።»

«እንግዲያው» አለች ሰገነት፣ «ዛሬ በጊዜ እተኛለሁ።»