የሙሽራዋ አብሽ

ሙሽራ ከሠርጓ በፊት አብሽ ትጠጣለች፤ ወግ ነው። ጎረቤቴ ራህማ ግን ልጇ ጀሚላ በአብሽ ብቻ አልወፍር ብትላት፣ ከሶማሌ ተራ በኮንትሮባንድ የገባ የሚያወፍር ክኒን ገዝታ እየወቀጠች ጨመረችበት። ለልጅቷም ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ የሙሽራ ማወፈሪያ ከተወራ ዓይን ይገባበታላ! ይህን ያወቅሁት ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ አንቄ አስለፈልፋት ነበር።

የጀሚላ ፊት እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ፤ እግሯ ግን ቀጠነ፣ ከምን አለሽ ተራ ጀርባ ያለችውን ዳገት መውጣት አቃታት። እኔ ውባንቺ አፌ አያርፍም፤ «ይሄ ውፍረት አላማረኝም» ብዬ እናትና ልጅን ሐኪም ቤት ጎተትኳቸው።

ዶክተር ሀብተ ወልድ ደም ቀዱ። «የሆርሞን ምርመራ ነው፣ ውጭ አገር ይላካል። ክኒን፣ መርፌ፣ ቅባት የምትወስደው ካለ ንገሩኝ። አንዳንዱ ክኒን ምርመራው ላይ የራሷን ሆርሞን መስሎ ይታያል፤ ውጤቱ ይዋሸናል» አሉ።

«ወላሂ፣ ከአብሽ በቀር የቀመሰችው የለም!» አለች ራህማ።

ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ሆርሞኗ ልክ ነው። ራህማ እልል አለች፣ እኔ አፈርኩ።

ሠርጉ ሲቃረብ አብዮት ጥበቃ የሶማሌ ተራን ሱቆች ፈትሾ አሸገ። ክኒኑ አለቀ፣ አብሹ ቀረ። ጀሚላን ያስመልሳት፣ ላብ ያጠምቃት፣ ያዞራት ጀመር። ሰፈሩ «ዓይን ነው» አለ። እኔ ታክሲ ጠራሁ፤ የሙሽራው እናት እትዬ ጠሂራም አብረውን ገቡ።

ዶክተሩ የደም ግፊቷን ለክተው ደነገጡ። «የሚያወፍር ክኒን በድንገት ሲቆም እንዲህ ይጥላል። እሱ ከሆነ መርፌው ይኸው በእጄ ነው፣ ያድናታል። ተስቦ ከሆነ ግን ይሄው መርፌ ያብስባታል። ወረቀቱ ሆርሞኗ ልክ ነው ይላል፤ ደግሜ ልመርምር ብል አትደርስልኝም። ወይዘሮ ራህማ፣ ልጠይቅዎት፣ ክኒን ስትወስድ ነበር?»

ራህማ ልጇን አየች። ቀጥሎ እትዬ ጠሂራን አየች። እትዬ ጠሂራ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጆሯቸውን ሰጥተዋል።

«ከአብሽ በቀር ምንም» አለች።

ዶክተሩ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አነበቡና መርፌውን መልሰው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። የጀሚላን እጅ ይዤ ነበር፤ እየቀዘቀዘ ሄደ።