ሃያኛዋ ጀልባ

"ቤቱን ሸጠን ጀልባ ላይ እንኖራለን" ያለው ባለቤቴ ቪብረን ነው፤ ጡረታ የወጣ ዕለት፣ እራት ላይ። እኔ አላልኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ዛሬ የከተማችን ሰው ሁሉ "ሪክስት ናት ሽማግሌውን ከቤቱ አውጥታ ባሕር ላይ የጣለችው" ስለሚል ነው።

ያሰበው ደግሞ እንዲሁ የመዝናኛ ጀልባ አይደለም። የረጅም ጉዞ ጀልባ ነው፤ አካሏ ብረት፣ አንዴ ነዳጅ ከሞላች አትላንቲክን የምትሻገር፣ አልጋና ኩሽና፣ ልብስ ማጠቢያ ሳይቀር ያላት። በእኛ የሆላንድ የወደብ ከተማ፣ በሃርሊንገን፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ እብደት አይባልም፤ ግማሹ ጡረተኛ ያልመዋል። ቪብረን ደግሞ ካፒቴን ነው። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሃርሊንገን ወደ ቴርስኸሊንግ ደሴት የሚመላለሰውን የመንገደኛ መርከብ ነድቷል፤ ሁለት ሰዓት ወደዚያ፣ ሁለት ሰዓት ወደዚህ።

እኔ ድልድይ ከፋች ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቦዩ ዳር ባለችው የመስታወት ክፍል ተቀምጬ፣ ጀልባ ሲመጣ ቁልፍ ተጭኜ ድልድዩን አነሳለሁ፣ ሲያልፍ አወርዳለሁ። የሚያልፉትን "ወዴት ነው?" ብዬ መጮኽ ልማዴ ነበር። "ኖርዌይ!" ይላል አንዱ። "ፖርቱጋል!" ይላል ሌላው። "አይስላንድ፣ እግዜር ካለ!" ያለኝ ጺማም ሰውዬ እስካሁን ትዝ ይለኛል። እነሱ ይሄዳሉ፤ እኔ ድልድዩን አውርጄ መኪና አሳልፋለሁ። ስለዚህ ቪብረን "ጀልባ" ሲለኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሹካዬን አስቀምጬ አለቀስኩ። ስድሳ አምስት ዓመቴ ነበር፤ በመጨረሻ የእኔም ተራ የደረሰ መሰለኝ።

ተራው ሁለት ዓመት ፈጀ። ሁለት ዓመት፣ አሥራ ዘጠኝ ጀልባ! ከዴን ሄልደር እስከ ዴልፍዛይል ያልረገጥነው ወደብ የለም። ቪብረን ጀልባ ሲመርጥ ለልጇ ሚስት ከምትመርጥ እናት ይብሳል። አንዷ ሞተሯ አንድ ብቻ ነው፤ መሃል ባሕር ቢቆምስ? ሌላዋ ሁለት ሞተር አላት፤ ማን ይቀልባቸዋል? የአንዷን መሰላል "ለጉልበት አይሆንም" አለ። ጉልበት የሚያመኝ እኔ ነኝ፤ ሦስት ጊዜ ወጥቼ ወርጄ አሳየሁት፣ አልሰማም። አንዷን ደግሞ አገላብጦ አገላብጦ እንከን ሲያጣባት "ሽታዋ ደስ አይልም" አለ። የቀለም ሽታ ነበር፤ የተቀባችው በዚያው ሳምንት ነው።

አሥራ ሰባተኛዋ የወደቀችው በብስኩት ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ ቡናውን ከአንድ ብስኩት ጋር ያገኛል፤ ከዚያ የብስኩቱ ቆርቆሮ ይከደናል። የዚያች ጀልባ ባለቤት ግን ቆርቆሮውን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተወውና "እንደ ልባችሁ" አለን። ቪብረን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

"የጀልባዋ ሆድ በዝገት አልቋል" አለኝ።

"በምን አወቅህ? ገና መች ወርደህ አየህ?"

"የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ቆርቆሮ ከፍቶ ይተዋል?"

ተነሥተን ወጣን። እኔ ሁለተኛዋን ብስኩት ኪሴ ከትቼ ነበር።

በዚህ መሃል ቤታችንን አንድ ወጣት ባልና ሚስት ወደዱትና "እስከ ዓርብ ቁርጡን ንገሩን" አሉ። ረቡዕ ጠዋት ቪብረን ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ "አንዲት የመጨረሻ እንይ" አለ። "እሷም ካልሆነች ነገሩን እንተወው። ደሴቱ ላይ አንዲት ትንሽ ቤት እንግዛና እንረፍ።"

ደሴቱ! አርባ ሁለት ዓመት የተመላለሰበት! ጉልበቴ እያደር ይብስበታል፤ ዘንድሮ ካልሄድኩ መቼም እንደማልሄድ አውቀዋለሁ። ያቺ ሃያኛ ጀልባ ከወደቀች፣ የቀረውን ዕድሜዬን ሌሎች ሲያልፉ በመስኮት ሳይ ልኖር ነው።

ሃያኛዋ ትሪንቸ ትባላለች። አሥራ ስምንት ሜትር ርዝመት፣ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም፣ ሰፊ ዳሌ። ገና ሳያት ወደድኳት፤ ፊቴን ግን ቋጠርኩ፤ ከተደሰትኩ ቪብረን ይጠረጥራል። ደላላው ዱከ ይባላል፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ባሕር ከሌላት ከድንች አገር ከድሬንተ የመጣ፣ ባሕር ሲያይ አንገቱን የሚሰብር ትሑት ሰው ነው። ቡና ከአንድ ብስኩት ጋር ሰጠንና ቆርቆሮውን ከደነ። እኔ በልቤ አመሰገንኩት።

ቪብረን ግድግዳ እያንኳኳ፣ መሳቢያ እየሳበ ዞረ።

"ይህ መስኮት አልበዛም?" አለ።

"ባሕሩን በደንብ እንዲያዩበት ነው ካፒቴን" አለ ዱከ።

"ባሕሩስ እኔን ቢያየኝ?"

"ቪብረን፣ ልትገዛት ነው ወይስ ልትድራት?" አልኩት።

"አንቺ ዝም በይ፣ እኔ ጀልባ አውቃለሁ።"

"ለማያውቅህ ታጠን!"

ዱከ በመሃላችን ገባ። "እንሞክራታ! በደሴቶቹ መካከል ወጥተን ሰሜን ባሕር ላይ እውነተኛ ማዕበል ትቅመስ፤ ከዚያ እርስዎ ይፍረዱ።"

ቪብረን መሪውን ያዘ። ወጣን። ቀኑ ብራ ነበር፤ ከውኃው ብቅ ባለው አሸዋ ላይ አቆስጣ የሚባሉት የባሕር እንስሳት ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። ትሪንቸ ውኃውን እየቆረጠች ስትሄድ ሞተሯ ይንሾካሾክ እንደሆነ እንጂ አይጮኽም። ቪብረን መሪ ከያዘ ወዲያ ሌላ ሰው ሆነ፤ ትከሻው ወረደ፣ አፉ ተፈታ፣ በሰማንያዎቹ ከመርከቡ ዘልላ ባሕር ስለገባችው ላም ለዱከ መተረክ ጀመረ።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ አለ። በግራ፣ በፍሊላንድና በቴርስኸሊንግ ደሴቶች መካከል፣ ወደ ሰሜን ባሕር ይወጣል፤ በቀኝ ወደ ደሴቱ ወደብ ይገባል። እዚያ ስንደርስ ላሟ ገና እየዋኘች ነበር፤ የቪብረን እጅ ግን መሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ አዞረው። ዱከ ካርታውን አየ፣ ቪብረንን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። የት እንደሚያደርሰን ማየት ፈለግሁ።

ወደቡ ድረስ አደረሰን። ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ወገቧን አዞረ፣ ኋላ ኋላ ብሎ ከመንገደኛ መርከቡ መቆሚያ ጋር ዶሮ እንቁላሏ ላይ እንደምትቀመጥ ቀስ አድርጎ አስጠጋት። ወደቡ ላይ የቆመው ገመድ ተቀባይም የመርከብ ገመድ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነውና፣ ዱከ የወረወረለትን ቀና ብሎ ሳያይ አሰረው። ቪብረን ሰዓቱን አየ። "አሥር ደቂቃ ዘግይተናል" አለ ቅር ብሎት። ከዚያ የሬዲዮኑን መናገሪያ አነሣ።

"የተከበራችሁ መንገደኞች፣ ቴርስኸሊንግ ደርሰናል። ብስክሌታችሁን እየገፋችሁ ውረዱ፤ እየነዱ መውረድ ክልክል ነው። ውሻችሁን እንዳትረሱ።"

ሬዲዮኑ ተንኮሻኮሸ።

"ቪብረን? አንተ ነህ እንዴ?" የመርከቡ አዲሱ ካፒቴን፣ ኦኔ ነው። "ወንድሜ፣ ቦታዬ ላይ የቆምክ መሰለኝ። ሦስት መቶ ሰው ጭኜ ከኋላህ እየመጣሁ ነው።"

"የእኔ ውሻ ወርዷል፣ እናመሰግናለን ካፒቴን!" አለ ሌላ ድምፅ፤ ዓሣ አጥማጅ መሆን አለበት። ከዚያ ወዲያ ከየጀልባው ሳቅ ብቻ ነው የሚሰማው።

እኔም ሳቅሁ። ወንበር ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ዱከ መሳቅ ይፈቀድለት እንደሆነ ስላላወቀ ወደ ጣሪያው ይመለከት ነበር። እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል ግን የቪብረን ፊት አመድ መስሏል።

"አይዞህ፣ ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ" አልኩት ላቀልለት ብዬ።

"ልማድማ ቢሆን ጥሩ ነበር።" መናገሪያውን አስቀመጠ። "መሳሳቴን ሳውቅ ምን ተሰማኝ መሰለሽ? እፎይ ነው ያልኩት፣ ሪክስት። ወደ ውጪ ባለመውጣታችን እፎይ አልኩ።"

ዱከ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ።

"እነዚያ አሥራ ዘጠኝ ጀልባዎች" አለ ቪብረን፣ "ምንም አልነበራቸውም።"

"ሽታውስ?"

"ቀለም ነው።"

"ብስኩቱስ?"

"ሰውየው ቸር ነበር መሰለኝ።" መሳቅ ሞከረና አልሆነለትም። "ከዚህ አልፌ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ። አርባ ሁለት ዓመት ካፒቴን፣ ካፒቴን ተብዬ፣ የማውቀው ይህችን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እዚያ ውጪ ምንም አላውቅም። ምንም አለማወቄን ደግሞ አንቺ ልታዪው ነው።"

አንጀቴን በላው። ደግሞም ተናደድኩ፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ጥፋታቸው የተሰደቡ ጀልባዎች በዓይኔ ላይ ዞሩ።

"ተነሥ" አልኩት።

"ምን?"

"ከወንበሩ ተነሥ። ኦኔ እየደረሰ ነው።"

"ማን ሊነዳት?"

"እኔ። ፈቃድ አለኝ።"

"የምን ፈቃድ? የመኪና?"

"የጀልባ። የቦይም የባሕርም። በብርዱ ወራት ድልድዩ ስር ዳክዬ እንኳ አያልፍም፤ ታዲያ ምን ስሠራ የምውል መሰለህ? አጠናሁ። ሊዋርደን ከተማ ሄጄ ተፈተንኩ፤ እህቴን ልጠይቅ ነው ብዬህ የወጣሁ ቀን።"

"መቼ ነው እሱ?"

"ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ካፒቴን አግብቼ? እንድትስቅብኝ?"

ተነሣ። እኔ በቦታው ተቀመጥኩ። ገመድ ተቀባዩ ገመዱን ፈታልን። መሪውን ወደዚያ ስል ጅራቷ ወደዚህ መጣና ትሪንቸ ከወደቡ ግድግዳ ጋር ጎኗን ፋቀች፤ ድምፁ ጥርስ ያስነክሳል። ዱከ ከታች አንገቱን ብቅ አደረገ።

"ወይዘሮ ሪክስት! ቀለሙ!"

"የገዛ ጀልባዬን ነው የላጥኩት፣ አንተ ምን አገባህ?"

ይህን ስል ቪብረን ዞሮ አየኝ። እኔ ግን ወደ ፊት ነው የማየው፤ ወደ እሱ ብመለከት ቃሌን እንዳልበላ ፈራሁ። ከወደቡ ስንወጣ የኦኔ መርከብ በአጠገባችን አለፈ፣ ፎቅ ሙሉ ሰው እጁን እያውለበለበ። ኦኔ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ። ቪብረን ኮፍያውን አነሣለት።

መገንጠያው ጋ ስደርስ ወደ ሰሜን ባሕሩ አቀናሁ። ፍሊላንድ በአንድ በኩል፣ ቴርስኸሊንግ በሌላው፣ መሃላቸው ባዶ ውኃ። የመጀመሪያው ትልቅ ማዕበል መጥቶ ትሪንቸን ከፍ አደረጋት፣ ቆየና አወረዳት። ታች ዱከ "ወይ አምላኬ" ሲል ተሰማ፤ ከዚያ ባልዲ ፍለጋ ሮጠ። ሁለተኛው ማዕበል ከፊተኛው ባሰ። ትሪንቸ ግን አልተንቀጠቀጠችም፤ ይህ ሥራዋ ነው።

ፈርቼ ነበር፤ እንደዚያን ቀን ግን ደስ ብሎኝም አያውቅም።

ቪብረን የመስኮቱን ጠርዝ ጨብጦ ቆሟል። የመርከብ መንገዱን የሚያሳየው የመጨረሻው ቀይ ተንሳፋፊ ምልክት ኋላችን ቀረ።

"ሪክስት፣ ከዚህ ወዲያ መንገዱን አላውቀውም" አለ።

"እኔም አላውቀውም።"

ወደ ኋላ እንመለስ እንዳይለኝ ፈራሁ። ደሴቶቹን ዞሮ አየ፣ ባሕሩን አየ፣ እኔን አየ።

"እሺ" አለ፣ በአርባ አራት ዓመት ትዳራችን ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ። "ምን ላድርግ?"

"ካርታውን አንብብልኝ።"

መነጽሩን አደረገ፣ አጠገቤ ተቀመጠና ያነብልኝ ጀመር።