የፊት ለፊቱ በር

ሙኒያ ለአርክቴክትነት ፈቃዷ ገና ሳትፈተን የካርቱሙ ሰፈሯ ዴም በሙሉ እንኳን ደስ ያለሽ ብሏት ጨርሷል። ጥፋቱ የእናቷ የሉጥፊያ ነው። ሉጥፊያ ከወሎ መጥታ፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው የሀብታም ሰፈር በአንድ ነጋዴ ቤት እያበሰለችና እየጠረገች ልጇን ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ናት። የሰው ገመና ትችላለች፤ የልጇን ወሬ ግን አፏ አይችለውም። ባለሱቁም፣ ባለሪክሻውም፣ ጎረቤታቸው ወለተማርያምም ሙኒያን በስሟ መጥራት ትተው፣ እዚያ አገር ሴት መሐንዲስ በምትከበርበት ማዕረግ "ባሽሙሐንዲሳ" ይሏታል። ይህ የሆነው ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በነበረው ዓመት ነው።

"እማ፣ ብወድቅስ? በየትኛው ፊቴ በሰፈሩ አልፋለሁ?"

"ወላሂ አትወድቂም! ኢንሻአላህ በይና ዝም በይ።"

ዝም የሚያሰኝ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በአንድ ቢሮ ብትለማመድም፣ ፈቃድ እስክታገኝ ድረስ የነደፈችው ሁሉ የሚወጣው በሌላ ሰው ፊርማ ነው። አርካዊት ሰፈር የሚሠራው መኖሪያ ቤት ግን በራሷ ስም እንዲወጣ አሠሪዋ ቃል ገብቶላታል፤ ፈተናውን ካለፈች። ለፈታኞቹ የምታቀርበውም የዚያኑ ቤት ፕላን ነበር።

ተማሪ ሳለች አንድ መምህሯ ያስለመዷት ዘዴ አለ። ፕላን ከማስረከብሽ በፊት በጣትሽ ግቢበት፣ ክፍል ለክፍል ዙሪና ውጪ ይሏት ነበር። ሙኒያ ይህን ሳታደርግ ያስረከበችው ወረቀት የለም። በፈተናው ዋዜማም የእንግዳውን ሳሎን የሰሜን ነፋስ እንዲያገኝ አዙራ ከሣለችው በኋላ ቤቱን በጣቷ ዞረችው። ማድ ቤቱ፣ ግቢው፣ መኝታ ቤቶቹ፣ ሳሎኑ፣ ሁሉም በቦታቸው ናቸው። ደስ ብሏት ወረቀቱን ጠቀለለች።

በማግስቱ ከሦስቱ ፈታኞች በዕድሜ የሚበልጡት ኢንጂነር አብዱልወሃብ ፕላኑ ላይ ጎንበስ አሉ። ጣታቸው ከመንገዱ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደና ግድግዳ ላይ ቆመ።

"ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ እንግዳ ሆኜ መጥቻለሁ። በየት ልግባ?"

ሙኒያ አየች። የፊት ለፊት በር የለም። ሳሎኑን ስታዞር በፊት ከሣለችው ግድግዳ ጋር አብሮ ጠፍቷል። የኋላው በር ግን አለ፤ ያውም መወጣጫው፣ መብራቱ፣ ከፀሐይ የሚከልለው ጥላው ሳይቀር። ሁለቱ ፈታኞች ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ሙኒያ እስከ ጆሮዋ ጋለች። ያ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ያላት ሰው ፊቷ ላይ ድቅን አለ፤ ከሁሉም በላይ እናቷ።

የኅትመት ስህተት ነው ብትል ያምኗት ይሆናል። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶም ነበር። ግን በሩን ለምን እንዳላየችው በዚያው ቅጽበት ገባት፤ ሐፍረቷም ወደ ቁጣ የቀረበ ድፍረት ሆነ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "እናቴ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደሷ የምገባው በኋላ በር ነበር። ፕላን ስፈትሽም ጣቴ ሁልጊዜ የሚነሣው ከዚያ ነው። እርሳስ ይሰጠኝና አሁኑኑ ላርመው።"

ሰጧት። እንግዳ የቤተሰቡን ግቢ ሳያቋርጥ በቀጥታ ሳሎን እንዲገባ፣ በሩን በምሥራቁ ጥግ ከፈተችው። ከዚያ በኋላ አልማሯትም። ስለ መሠረቱ፣ ስለ ፍሳሹ፣ ውኃ ሲጠጣ ስለሚያብጠው አፈር እየተፈራረቁ አፋጠጧት። ሁሉንም መለሰች።

ሦስቱ በሹክሹክታ ተመካከሩ። አብዱልወሃብ መነጽራቸውን አወለቁ።

"የኋላውን በር ረስቶ የመጣ ስንቱን አይቻለሁ፤ እኔም ራሴ ረስቼ አውቃለሁ። የፊቱን የረሳ ገና አንቺን አየሁ። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ፤ ጣትሽን በሁለቱም በር አስገቢ። መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ባሽሙሐንዲሳ!"

ሙኒያ ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። እናቷ እዚሁ እጠብቅሻለሁ ብላት ነበር፤ ዋናው በር ላይ ግን የለችም። ሕንፃውን ዞረች። ሉጥፊያ ከኋላው በር ደጃፍ፣ ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ተቀምጣለች።

"እማ! ማን እዚህ ተቀመጪ አለሽ?"

"ማንም። እግሬ ነው ያመጣኝ። ምን አሉሽ?"

"አለፍኩ።"

ሉጥፊያ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። ሙኒያ እየሳቀችም እያለቀሰችም የእናቷን እጅ ያዘች።

"ያላ ተነሺ፣ የተፈተንኩበትን ክፍል ላሳይሽ። በዚህ አይደለም፤ በፊት ለፊት።"

ዋናው በር ላይ ዘበኛው የሉጥፊያን የሥራ ልብስ አየና እጁን ዘረጋ።

"ሐጃ፣ ሠራተኛ የሚገባው በኋላ በኩል ነው።"

ሙኒያ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት እናቷ ቀደመቻት።

"የባሽሙሐንዲሳዋ እናት ነኝ" አለች ሉጥፊያ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። "ክፈት።"

ዘበኛው ከፈተ። ሉጥፊያ ፊት ፊት ገባች፤ ልጇም ከኋላዋ ተከተለቻት።