ሁለተኛ እስኪጠይቋት

ፈሪሃ ከኮምቦልቻ ሪያድ ድረስ የመጣችው ለትምህርት ነው፤ ልቧ ግን የመጣው አክስቷን ፍለጋ ነበር። እትዬ ኑርያ በእናቷ ቦታ ሆና ያሳደገቻት፣ ፀጉሯን የሠራችላት፣ ፊደል ያስቆጠረቻት ሴት ናት። ፈሪሃ አሥር ዓመት ሲሞላት እትዬ ኑርያ ሪያድ፣ መላዝ ሰፈር፣ ለቤት ሠራተኝነት ሄደች፤ ይኸው ስምንት ዓመት። የነፃ ትምህርት ዕድሉ ሲመጣ ዘመድ ሁሉ ስለ ዩኒቨርሲቲው ሲያወራ ፈሪሃ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመላዝ ምን ያህል ይርቃል? በመኪና ሃያ አምስት ደቂቃ ነው አሏት።

ያቺ ሃያ አምስት ደቂቃ ስምንት ወር ፈጀች።

ጥፋቱ ግማሹ የደንቡ ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከሴቶቹ ማደሪያ የምትወጣው በማደሪያው አውቶቡስ፣ አለዚያም ባስመዘገበቻቸው ሰዎች መኪና ነው፤ አውቶቡሱ ደግሞ ከገበያ አዳራሹ ሌላ የሚያውቀው መንገድ የለም። እትዬ ኑርያም ብትሆን ዓርብን እንኳ አታርፍም፤ የአሠሪዎቿ ዘመድ አዝማድ የሚሰበሰበው ያን ቀን ነው። የቀረው ግማሽ ጥፋት ግን የራሷ የፈሪሃ ነው፤ ምን ይደበቃል። ይቺ ልጅ ሰው ፊት አፏን ከምትከፍት ሁለት ጊዜ ብትፈተን ይሻላታል። መድረሳ የተማረችው ዐረብኛ የኪታብ፣ የመጽሐፍ ዐረብኛ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ካፍቴሪያ ገብታ ውሃ ስትጠይቅ፣ ሻጯ ዜና አንባቢ ትመስያለሽ ብላ ሳቀች። በክፋት አልነበረም። ፈሪሃ ግን ከዚያ ወዲህ ምሳዋን የምትበላው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ሆነ።

ብቻ መሆኑን አትጠላውም፤ ፀጥታ ይስማማታል። የሚያንገበግባት፣ ፀጥታዋን የሚያውቅላት ሰው እዚሁ ከተማ ውስጥ እያለ አለማግኘቷ ነው። ድሮ ከእትዬ ኑርያ ጋር ቃል ሳይለዋወጡ ከሰዓቱን ሙሉ ምስር ይለቅሙ ነበር። ያ ዝምታ ናፈቃት።

አንድ ክፍል የምትጋራት አፊፋ የቡረይዳ ከተማ ልጅ ናት። ሪያድ የሚኖረው አጎቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምሳ መኪና ይልክላታል። መስከረም ላይ ፈሪሃ እንደ ምንም ብላ ስለ አክስቷ ስትነግራት፣ አፊፋ ወዲያው እናድርስሽ፣ አጎቴ ያስፈቅድልሻል አለች። የፈሪሃ ልብ ዘለለ። አፏ ግን እንዳደገበት፣ «አይ፣ አትቸገሪ» አለ።

እኛ ቤት ይሄ እምቢታ አይደለም፤ የጨዋ ልጅ ወግ ነው። ጋባዡ በሞቴ ይላል፣ ተጋባዡ ያንገራግራል፣ ሦስተኛው ላይ እሺ ይባላል። ፈሪሃም ሁለተኛውን ጠበቀች። አፊፋ እንደወደድሽ ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ፈሪሃ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ለብሳ፣ ተሰናድታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ አፊፋም ዓባያዋን ደርባ ደህና ዋይ ብላት ትወጣለች። የመኪናው ድምፅ ሲርቅ ፈሪሃ ልብሷን ትቀይርና መጽሐፏን ትከፍታለች።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ እትዬ ኑርያ ደወለች። ኮንትራቷ አልቋል፤ ኹሩጅ የሚሉት የመጨረሻ መውጫ ወረቀቷም ደርሷል፤ ሰኞ ወደ አገር ቤት ትበርራለች።

«ኸላስ፣ አበቃ፣ ሳንተያይ ልሄድ ነው፣ ልጄ።»

ፈሪሃ ስልኩን ዘግታ ጥቂት አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ አፊፋ አልጋ ፊት ቆመች።

«ነገ መላዝ ውሰዱኝ» አለች በዚያው በዜና አንባቢ ዐረብኛዋ። «አክስቴ ልትሄድብኝ ነው።»

«አልፈልግም ብለሽኝ የለም?»

«እንደገና ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነው።»

«ስምንት ወር ሙሉ?» አለች አፊፋ። አልሳቀችም፤ አጎቷ ጋ ደወለች።

በማግስቱ መላዝ ያለው ቤት በር ሲከፈት እትዬ ኑርያ ብቅ አለች። ድሮ ፈሪሃ ቀና ብላ የምታያት ሴት ነበረች፤ አሁን ቁመቷ ፈሪሃ ትከሻ ላይ ቀረ። ተቃቅፈው ቆሙ። ከኋላ የመጡት አሮጊቷ አሠሪ እንግዳዋ ማን እንደሆነች ሲነገራቸው እጃቸውን አጨበጨቡ።

«መስከረም ላይ የእህትሽን ልጅ እናምጣልሽ ስልሽ፣ አትቸገሩ አላልሽኝም?»

እትዬ ኑርያ አንገቷን ደፋች። «ሁለተኛ ይጠይቁኛል ብዬ» አለች በአማርኛ፣ ለፈሪሃ ብቻ።

ፈሪሃ መሳቅ ጀመረችና መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። አሮጊቷ አላስተዋሉም፤ አፊፋ ተመልሳ እስክትወስዳት፣ እስከ ማምሻው የመግሪብ ሶላት ትቆይ እንደሆነ ጠየቋት። «አይ» የሚለው ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። እትዬ ኑርያን አየቻት።

«እሺ» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ወጥ ቤት ገብተው ከመሬት ተቀመጡ። እትዬ ኑርያ በትሪ ምስር አምጥታ መሀላቸው አስቀመጠች። የሱቅ ምስር ነው፤ አንድ ጠጠር የለውም። እስከ መግሪብ ምንም ሳይነጋገሩ ለቀሙት።