የዘቢደር ጣውንት

መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን «ተመስገን» ብሎ ያልፍ ነበር። እሸቴ ግን ክው አለ። ወር ከምናምን ሸራ ለብሳ የቆመች አሮጌ ፔጆ ፒካፕ፣ በደህናው ቀን እንኳ ሳትለመን፣ ሳትሰደብ፣ ካርቡራተሯ ላይ ቤንዚን ጠብ ሳይደረግላት የማትነሳ፣ ያን ዕለት ቁልፉ ገና ሲዞር ተነስታ ቁጭ አለች። እሸቴ ሞተሩን አጠፋና ለራሱ «ሰው ነድቷታል» አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እሱ ደግሞ መመንጠር የሚፈልግ ሰው አይደለም።

እሸቴ ማለት አያቱ ከባቡሩ ሥራ ጋር ከድሬዳዋ ወርደው ጅቡቲ የቀሩ፣ ራሱም እዚያው ተወልዶ እዚያው የሸበተ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር በርበሬና ሽሮ የሚሸጥ ባለሱቅ ነው። ሱቁ ያኖረዋል፤ የሚኖረው ግን ለቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወዳጁ ከዓብዱረዛቅ ጋር በፔጆዋ ከዶራሌ ወዲያ ወዳለው የባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ፤ መንጠቆ ጥለው ባራኩዳ ከተገኘ ባራኩዳ፣ ካልተገኘ ወሬ ይዘው ይመለሳሉ። የመኪናዋ ወለል ዝጎ ተበስቷል፤ የቀኝ በሯ የሚዘጋው በገመድ ነው። ወንበሯ የዓሣ ደምና የጨው ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ፣ ድሮ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው የሚያስታውስ የለም። እሸቴ ግን ይወዳታል። ምን ይደረግ፣ ይወዳታል። በአጠገቧ ሲያልፍ ኮፈኗን መታ መታ ሳያደርግ አያልፍም። ሚስቱ ዘቢደር «ጣውንቴ» ትላታለች። «ሂድ እንጂ፣ ጣውንቴ ትጠብቅሃለች» እያለች ስትሸኘው የሰማ ጎረቤት ሁሉ ስሙን ለምዶ፣ ጠዋት ጠዋት «ጣውንት እንዴት አደረች?» ማለት ጀመረ።

በዐቢይ ጾም ግን ጣውንት ከቦታዋ አትነቃነቅም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እሸቴ አይወደውም። አባቱ «ያጠመደ እጅ መቅመሱ አይቀርም» ብለው በጾም መንጠቆ አይነኩም ነበር፤ እሱም አይነካም። ጾሙ ሊገባ ሲል መኪናዋን ከሱቁ ጎን ባለችው ጠባብ መተላለፊያ አቁሞ ሸራ ያለብሳታል፤ ሆሳዕና ሲቃረብ ለፋሲካ ሰሞን ሊያዘጋጃት መጥቶ ይቀሰቅሳታል። ዘንድሮም ሊቀሰቅሳት ነበር የመጣው፤ ነቅታ ጠበቀችው።

ወንበሩን ዳሰሰ። ያ ረጅም ወንበር ዝገት ነክሶት ለዓመታት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፤ አሁን ወደ መሪው ተጠግቶ የእሸቴን ጉልበት ቆለፈው። አሸተተ፤ የዓሣው ሽታ ሳስቶ በምትኩ ሳሙና ሳሙና ይላል። እንግዲህ የሚነዳት ሰው አጭር ነው። ያጠባት ደግሞ ለሰው ሊያሳያት ነው። እንዲህ ያለችውን መኪና ለገበያ ካልሆነ ማን ያጥባታል?

አጭር ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። የልጁ የፅዮናዊት ባል ልደቱ፣ ሆዳን ሰፈር አዲስ ቤት ውስጥ የሚኖረው፣ ቁመቱ ከእሸቴ ትከሻ አያልፍም። ከገና በኋላ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ አንድ ፈረንጅ ይዞ መጥቶ ነበር። ፈረንጁ ጣውንትን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ፎቶ አነሣት፣ እንደ እንቁላል በጣቱ ቆረቆራት። ሲሄድም ልደቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጋሼ ይቺን ሸጠው ቢያርፉ ምናለ አለው። እሸቴ አማች ነው ብሎ ታገሠው እንጂ ያን ቀን ራቱን አልበላም።

ያስፈራው ሽያጩ ብቻ ቢሆን ደግሞ ደህና ነበር። እሸቴ ለማንም ያልነገረው ነገር አለው፤ ቀኝ ዓይኑ እየጠፋ ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታው ጠብቅ፣ መኪና መንዳቱ ግን ይብቃህ ብሎታል። እሸቴ ጠብታውን ሱቁ ውስጥ ከሳሙና ካርቶኖች ኋላ ደበቀው፤ ምክሩን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ሻይ ከብርጭቆው ውጪ ሲቀዳ «የዘንድሮ ብርጭቆ አፉ ጠባብ ነው» ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቤተሰቡ ይህን ካወቀ ቁልፉን ይቀበሉታል፣ መኪናዋ ትሸጣለች፣ ቅዳሜ የሚባል ቀን ይቀርበታል፤ እሱም ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ ዝንብ የሚያባርር ሽማግሌ ይሆናል። ከዚህስ ሞት ይሻለኛል ይል ነበር፣ ሲናገርም የምሩን ነው።

ግን ልደቱ ቁልፉን ከየት አገኘው? የመኪናዋ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ የእሸቴ ኪስ ውስጥ፣ ሌላው ዓብዱረዛቅ እጅ። ልቡን ያደማው ይኸኛው ነው። ዓብዱረዛቅ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር የሚኖር፣ ድሬዳዋ የተማረ፣ በአማርኛ ሲሳደብ እሸቴን የሚያስንቅ ሶማሌ ነው። ስንት ዘመን ከአንድ ሳህን በልተዋል። እሸቴ አላስችል ቢለው ሄደና በጨዋታ መሐል፣ ሰሞኑን በመኪናዋ በኩል አልፈህ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ዓብዱረዛቅ የሚያመውን ጉልበቱን እያሸ «እሷማ ጾም ላይ አይደለች?» አለና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ዓብዱረዛቅ መዋሸት የማይችል ሰው ነው፤ ሲዋሽም ያስታውቃል።

ከዚያ ወዲያ ለእሸቴ ሁሉም ነገር ሸተተው። ዓብዱረዛቅ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት ጫት ከሚቅምበት ቤት እንደሚጠፋ ሰማ። ልደቱ ወትሮ በማይደውልበት ሰዓት እየደወለ ጤናውን ይጠይቀዋል። ከሁሉ የባሰው ግን ዘቢደር ናት፤ ጣውንቷን መሳደብ ተወች። ያን ሁሉ ዘመን ስትረግማት የኖረችውን መኪና፣ ምሳ ላይ «ጎማዋ ደህና ነው?» ብላ ጠየቀችለት። እሸቴ ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። እሷም ገብታበታለች ማለት ነው፤ ቤቱ በሙሉ አድሞበታል። ሰው የተሸጠ በሬውን ነው እንዲህ በርኅራኄ የሚጠይቀው።

ዓርብ ደረሰ። ዘቢደር ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ ላስቀድስ ብላ ወጣች፤ በጾሙ ረቡዕና ዓርብ አይቀርባትም። ከተማው በሩን ዘግቶ በተኛበት በዚያ ሙቀት እሸቴ የጎማ ቱቦና ጀሪካን ይዞ ወደ መኪናዋ ሄደ። ቤንዚኑን በአፉ ስቦ ወደ ጀሪካኑ አወረደው፤ ጾሙን በቤንዚን ሊገድፍ ለጥቂት ተረፈ። ታንኩ ውስጥ ጉሮሮ ማርጠቢያ ብቻ ተወላት። ሌባው መንገድ መሐል ይቁም፣ ሰው ይሰብሰብበት፣ ይዋረድ። ጀሪካኑን ሜዳ ላይ መተው አልወደደም፤ እሱኑ ይዞ ከኋላ ወጣና የዓሣ መረቡና ገመዱ መሐል ተጋደመ፣ የመረቡን መሸፈኛ ሸራ በላዩ ሳበ። ሌባውን እጅ ከፍንጅ ሊይዘው ነው።

ሸራው ሥር ያለው ሙቀት አይጣል ነው። ቤንዚኑ ይሸታል፣ መረቡ ይሸታል፣ ላቡ ጆሮው ውስጥ ይገባል። ተነሥቼ ልሂድ ሲል ኮቴ ሰማ፤ አንዱን እግር ጎተት የሚያደርግ ኮቴ። ከዚያ ሳል፣ ከዚያ «ቢስሚላህ»። ዓብዱረዛቅ መኪና ውስጥ ሲገባ ሁሌም እንዲህ ነው የሚለው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አለ እሸቴ በልቡ፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ዘሎ ቢያንቀው ደስ ባለው፤ ግን ግብረ አበሩንም ሊያይ ፈለገ።

ጣውንት ተነሳች፤ ትንሽ ሄዳ ቆመች። የገመዱ በር ተከፈተ፣ ሰው ገባ፣ በሩ ተዘጋ። ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ንግግር አይሰማም። ልደቱ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል። መኪናዋ ስታጥፍ እሸቴ በሰውነቱ ይከተላታል፤ ወደ ሆዳን ትሄዳለች ሲል የባሕሩ ሽታ መጣ። ባሕር ዳር ምን ሊያደርጉ? ፈረንጁ እዚያ ይጠብቃቸዋል፤ ፈረንጅ ባሕር ዳር ፎቶ ይወዳል። የእሱ የራሱ ቦታ ላይ፣ በእሱ መኪና፣ ባልንጀራው ደላላ ሆኖ።

ቆሙ። በሮች ተከፈቱ፣ ቦታ ተቀያየሩ፣ ወንበሩ ሲጢጥ እያለ ወደ ፊት ተጎተተ። ከዚያ የማርሹ መፋጨት መጣ። እሸቴ ጥርሱ የተነቀለ ያህል አመመው። መኪናዋ ዘለለች፣ ጠፋች፣ እንደገና ተነስታ ዘለለች፣ እሱም ከጀሪካኑ ጋር ተላተመ። የአውቶማቲክ ልጅ፣ አለ ልደቱን እየረገመ፣ ፍሪሲዮን የት እንዳለ የማያውቅ ሰው መኪና ይሸጣል። ጥቂት እየተንገጫገጩ ከሄዱ በኋላ ጣውንት ሳል ሳል አደረጋትና ቀጥ አለች። ወጥመዱ ሠርቷል። እሸቴ ሸራውን ሊገፍ እጁን አነሣ።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ዘቢደር።

እጁ እንደተነሣ ቀረ። ሚስቱና ወዳጁ፣ ሰው በሌለበት ባሕር ዳር፣ በቅዳሴ ሰዓት። በዚያች ቅጽበት ያሰበውን እግዜር ይቅር ይበለው፤ እኛ አንደግመውም።

ዓብዱረዛቅ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። አይዞሽ እህቴ፣ ዛሬ ከማንኛውም ቀን በተሻለ ነድተሻል፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እያለ ያባብላታል። ዘቢደር ግን ድምጿ ተሰብሯል።

«ፋሲካ ደረሰ እኮ» አለች። «ቀኝ ዓይኑ አያይም። ጠብታውን ከሳሙናው ኋላ ካገኘሁት ቆየሁ፤ እስኪነግረኝ ብጠብቅ አልነገረኝም። ንዳ ብለው ሰው ይገጭብኛል። አትንዳ ብለው ደግሞ እሱ ራሱ ይሞትብኛል። ልደቱን ለምኜ ፈረንጁን ያስቀረሁት ለምን መሰለህ? ያንተ ጉልበት ይህን ፍሪሲዮን ስንት ቅዳሜ ይችለዋል? እኔ ካልነዳኋት ማን ይነዳለታል?»

ዓብዱረዛቅ ታንኩን አንኳኳ፤ ባዶ ነው። ጠዋት ስንት ነበራት፣ ማን ጠጣው ብሎ በሶማልኛ ተራገመ። ከዚያ ወደ ዋናው መንገድ ሄጄ ቤንዚን ልለምን አለ። ዘቢደርም በዚህ ጉልበትህ አትደርስም፣ እኔ ልሂድ አለች። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ በአፏ አልዞረም፤ ጾመኛ ናት። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠምጥማ ጠጠሩን እየረገጠች ስትሄድ እሸቴ ይሰማታል። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል። እሱ ግን አርቆ ነበር የቆፈረው፣ አሁን ሚስቱ በዚያ ፀሐይ ልትገባበት ነው።

ሸራውን ገፎ ተነሣ። ፀሐዩ መታውና ሁሉም ነገር ነጭ ሆነበት። ላብ አጥምቆት፣ መረብ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጀሪካኑን አቅፎ ቆመ። «ዘቢደር፣ ተመለሺ» አለ።

ዘቢደር ዞራ አየችው። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ዓብዱረዛቅ ጀሪካኑን አየ፣ ታንኩን አየ፣ ገባው።

«ከኋላ ምን ትሠራ ነበር?» አለው።

«ሌባ ልይዝ።»

«ያዝከው?»

እሸቴ ጀሪካኑን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «ያዝኩት» አለ።

ወረደና ወደ ታንኩ አፍ ሄደ። ክዳኑን በዳበሳ ከፈተ፣ ጀሪካኑን አነሣ፣ ቀዳ። ቤንዚኑ ከአፉ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ በጎኗ ላይ ይወርድና አሸዋው ውስጥ ይገባ ጀመር። እሱ አላየውም። ሽታው ሲበረታበትና ጫማው ሲርስ ነው የገባው፤ ያን ጊዜም የታንኩን አፍ ሊያገኘው አልቻለም። ዓብዱረዛቅ ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ። ዘቢደር መጣችና የእጁን አንጓ ይዛ «ትንሽ ወደ ግራ» አለችው። አፉን አገኙት። ጀሪካኑ እስኪያልቅ ድረስ እጁን አልለቀቀችውም፤ እሱም ስለ ብርጭቆ አፍ መጥበብ ምንም አላለም።

ካለቀ በኋላ እሸቴ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ዓብዱረዛቅ ቀረበ። ዓብዱረዛቅ ከአንገቱ ላይ መረቡን አነሣለትና፣ ይህን ሁሉ ቤንዚን ለአሸዋ ከምታጠጣ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት ብሎ የለመደውን ስድብ ጨመረበት። እሸቴ ስድቡን ሲሰማ ትከሻው ወረደለት፤ ዓብዱረዛቅ የተቀየመውን ሰው አይሳደብም።

እሸቴ በልማዱ ወደ ሾፌሩ በር ተራመደ። እጁን እጀታው ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆመ። ኮፈኗን መታ መታ አደረገና ዞሮ የገመዱን በር ፈታ፣ ገብቶም መሐል ተቀመጠ። ዓብዱረዛቅ ከጎኑ ሆነ። ዘቢደር መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቁልፉን አዞረች። ጣውንት አልተነሳችም። ደገመች፤ እምቢ አለች።

«አትቆጫት» አለ እሸቴ። «አባብያት፤ እሷ በልመና ነው።»

ዘቢደር በከንፈሯ አንድ ነገር አጉተመተመች፤ ልመና ይሁን እርግማን አልተሰማም። መኪናዋ ተነሳች።

«ዘቢደር» አለ እሸቴ ፊት ፊቱን እያየ፤ «በቀኝ በኩል ሰው ቢኖር አንቺ እዪልኝ። እኔ አላይም።»

«እሺ» አለችና ማርሹን አስገባች።